ከልጅህ ከዞንከ

ፍራውከ ቲያርክስ በየእሁዱ ጠዋት ለሦስት መቶ ሺህ ሰው ትናገራለች፤ ሰኞ መጥታ «ሞይን» ብላ ሰላም ስትለኝ ግን ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ መጥረግ አለባት። ከእሁዱ ስርጭት በኋላ ድምፅዋን የምታወጣለት ሰው ስለማይኖራት ነበር። ይህን እሷ አልነገረችኝም። ያኔ የሰው ድምፅ ሳስተካክል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር ራሴ ሰምቼ ያወቅኩት ነው። ዝም ብሎ የዋለ ጉሮሮ ያስታውቃል፤ የኔም ከሷ አይሻልም ነበር።

ስሜ ሃዮ ነው። በኦስተርዚል፣ በክልላችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቅርንጫፍ ስቱዲዮ ውስጥ የድምፅ ቴክኒሻን ነበርኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሩቅ፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። እኛ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች አንዲት የቀይ ጡብ ቤት ውስጥ ስምንት ሆነን እንሠራለን። የቴሌቪዥን ካሜራ ወደኛ የሚመጣው የባሕር ማዕበል ሲነሣ ወይም በጎመን መከር በዓል «የጎመን ንግሥት» የምትባል ልጃገረድ ስትመረጥ ብቻ ነው። ሬዲዮው ግን የኛ ነበር፤ ይልቁንም «የእሁድ ሰላምታ» የሚባለው ዝግጅት።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ልደቱ ሲደርስ ዘመዶቹ ይጽፉልናል፤ ፍራውከ ታነባለች፤ ቀጥሎ አንድ ዘፈን ይሄዳል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ ወጣቶች «የሬሳ ሣጥን ማስታወቂያ» እያሉ ይስቁብን ነበር። በየመንደሩ ያለው ሽማግሌ ግን ስሙ ከሬዲዮ ሲጠራ ለመስማት በማለዳ ተነሥቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው የሚቀመጠው።

የበርሊን ግንብ በፈረሰ በስምንተኛው ዓመት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ደብዳቤ መጣ። «ለአባታችን ለኡቦ ሎረንሰን፣ ኖርደርቬርፍ። እንኳን ለሰማንያ አምስተኛ ዓመትህ አደረሰህ። ሁልጊዜ እናስብሃለን። ከልጅህ ከዞንከ፣ ከባለቤቱና ከሁለቱ ልጆቹ» ይላል።

ፍራውከ ደብዳቤውን ይዛ ወደኔ ክፍል ገባችና ከመብራቱ ሥር አስቀመጠችልኝ። ፊደሉ የዱሮው ሹል ፊደል ነው። እንዲህ አድርጎ መጻፍ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቀረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ከስድሳ በታች የሆነ ሰው መጻፉ ቀርቶ ማንበቡንም አይችልበትም።

«ይኼን ልጅ አይደለም የጻፈው» አለች።

ደንቡ ከማንበባችን በፊት ላኪውን በስልክ እንድናረጋግጥ ያዛል። ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደወለች፤ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። አንድ ሽማግሌ አነሣና «ዞንከ ሎረንሰን» አለ። ከኋላው የኛው ጣቢያ የአየር ሁኔታ እየተነገረ ነው። ፍራውከ ምንም እንዳልጠረጠረች ሆና አባቱ የሚወዱት ዘፈን የትኛው እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። ከዚያ አባቴ አኮርዲዮን ነው የሚወደው አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እናቴም ትወድ ነበር ብሎ ጨመረ። አመስግና ዘጋች፤ ሽማግሌው ለራሱ እንደጻፈ ሁለታችንም ገባን።

ላንብበው ወይስ ልተወው ብላ አላማከረችኝም። «ማንን ይጎዳል?» አለች ብቻ። እኔም ማንንም አልኩ። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

እሁድ አነበበችው። ሌሎቹን ሰላምታዎች ከምታነብበት በተለየ ቀስ ብላ ነበር ያነበበችው፤ «ሁልጊዜ እናስብሃለን» የሚለው ላይ ስትደርስ ለራሷ የተጻፈላት መሰለ።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለ፤ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ዞንከ ሎረንሰን እባላለሁ» አለኝ። «ሚስት የለኝም። ልጅም የለኝም። ለአባቴ ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ አልጽፍምም። የሚመጣው እሁድ ይኼንኑ አንብቡልኝ።»

የላም ማለቢያ መሣሪያ ጠጋኝ ነው። የሚኖረው ከአባቱ ቤት አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እሁድ ጠዋት አንድ ገበሬ መሣሪያዬ ቆመብኝ ብሎ ጠርቶት፣ በረት ውስጥ ተንበርክኮ ቧንቧ ሲፈታ፣ ለላሞቹ ተብሎ ተከፍቶ በሚውለው ሬዲዮ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ገበሬው እጁን ጨብጦ «አንተ ድብቅ! ሚስትህን ከነልጆችህ የት ሸሽገህ ነው?» አለው። ዞንከ ምን ብሎ እንደመለሰለት አልነገረኝም። በየሄደበት በረት እስከ ማክሰኞ ድረስ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት ሰነበቱ።

የቅርንጫፋችን ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። ስለ አንድ ሰው ሐሰት ካስተላለፍን ሰውየው እርማት የመጠየቅ መብት አለው፤ ሕግ ነው። ይልቁን ያናደደው ፍራውከ እያወቀች ማንበቧ ነበር። ዝግጅቱን ዋናው መሥሪያ ቤት በክፉ ዓይን እያየው ባለበት ሰዓት መስቀያችንን ገመድ አቀበልሻቸው አላት። የሃያ ሰከንድ እርማት እንድትጽፍ አዘዛት። እሷ አልተከራከረችም። ሰውየው ራሱ መጥቶ አንብቦት ይፈርም አለች። ዞንከም ሐሙስ እመጣለሁ አለ።

ረቡዕ ዕለት ፍራውከ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ኖርደርቬርፍ ሄደች። ሽማግሌው እርማቱን ድንገት ከሬዲዮ እንዲሰሙት አልፈለገችም።

ቤታቸው ከባሕሩ ግድብ ሥር፣ መንገዱ የሚያልቅበት ጋ ነው። ሊከፍቱላት ሲመጡ ድምፅዋን ገና ከበሩ ማዶ ለዩት፤ «እርስዎ ነዎት» አሉና ወደ ወጥ ቤት አስገቧት። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ሲኒ ተደርድሯል፤ ሁሉም ተጠጥቶበታል፤ ያልታጠበ ነው። ሽማግሌው ሲኒዎቹን ስታይ አይተው፣ ሆን ብዬ ነው ያላጠብኳቸው አሏት። ባለቤታቸው ጌሸ ከሞተች ወዲህ የቤቱን ደፍ የረገጡት ፖስተኛውና የጭስ ማውጫ ጠራጊው ብቻ ነበሩ። እሁድ ግን ዘፈኑ ሳያልቅ ጎረቤት ኬክና አረቄ ይዞ ጎረፈ። ሰዎቹ አባትና ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መጣላታቸውን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ታረቃችሁ ወይ ብለው ተደሰቱላቸው። የልጅ ልጆቻቸውንም ስም ጠየቋቸው።

«ምን አሏቸው?» አለች ፍራውከ።

«ሄንድሪክና ዊብከ አልኳቸው። ስም ሳወጣ እንዴት ደስ አለኝ መሰለዎት።»

ያን ጊዜ ዞንከ እንደደወለና ምን እንዳለ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ይነበብ» አሉ። «እውነቱ የሱ ነው። ሦስት ቀን አያት ሆኜ ከረምኩ፤ ይበቃኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው የተጣሉበትን ምክንያት የጠየቀቻቸው። ዞንከ የመርከብ መካኒክ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ ነው። ጌሸ ካንሰር ሲገኝባት ለልጄ እንዳትነግረው ብላ ባሏን አስማለችው። በጥር ሞተች። ዞንከ በመጋቢት ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ከበሩ ሆኖ «እማዬስ?» አለ። ከተቀበረች ስድስት ሳምንቷ ነበር። እዚያው ቆሞ ሰማ፤ ሻንጣውን መሬት ሳያስነካ ተመለሰ። መርከቡንም ተወው።

«አትንገረው ያሉት ባለቤትዎ መሆናቸውን አልነገሩትም?» አለች ፍራውከ።

«የሞተን ሰው ልክሰስ?» አሏት።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ አንድ ነገር ጨመሩላት። በዚያ በመጨረሻው ዓመት ለገና ሰላምታ ከጌሸ ጋር ኦስተርዚል፣ እኛ ስቱዲዮ ድረስ መጥተው ነበር። እሷም በሬዲዮ ለልጇ ሁሉም ደህና ነው አለችው።

ፍራውከ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሳ ካፖርቷን ሳታወልቅ ይህን ሁሉ ነገረችኝ። የገናውን ሰላምታ ስትጠቅስ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ የመርከበኛ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ስቱዲዮአችን ይመጣል። በቀን ስድሳ፣ ሰባ ቤተሰብ ይሆናል። አንዱ ገብቶ አርባ ሰከንድ ይናገራል፤ ሌላው ይገባል። ቅጂው ለገና ዋዜማ በረጅም ርቀት ሞገድ እስከ ዓለም ዳርቻ ይተላለፋል። የሚቀዳው እኔ፣ በምላጭ የሚቆርጠውም እኔ። ሳሉን፣ ለቅሶውን፣ ከአርባ ሰከንድ የተረፈውን ሁሉ ከቅጂው ላይ ቆርጬ አወጣለሁ። ያልተቆረጠው ዋናው የቴፕ ክር ተደምስሶ እንደገና ይሠራበታል። የዚያን ዓመት ግን በየካቲቱ ማዕበል የባሕር ውኃ ምድር ቤታችን ገባና ክሩን ሁሉ ተሯሩጠን ወደ ጣሪያው ሥር አወጣነው። ከዚያ ማን ያስታውሰዋል?

መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ በራሴ እጅ «የመርከበኞች፣ ያልተቆረጠ» ተብሎ የተጻፈበት ጥቅል አገኘሁ። ከማሽኑ ላይ ሰቅለነው አብረን ሰማን። አርባ ሰው ያህል ካለፍን በኋላ እሷ መጣች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ዞንከ፣ እናትህ ነኝ። እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ላሞቹ ደህና ናቸው፤ አባትህ ደህና ነው፤ እኔም ደህና ነኝ። ሹራቡን ልበሰው፣ ለሻንጣ አይደለም የሠራሁልህ። መልካም ገና።»

ወንበር ተንቀሳቀሰ። ከማይክራፎኑ ራቅ ያለ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ንገሪው፣ ጌሸ። ልጁ ይወቅ።»

«ተው አልኩህ።»

«ካልነገርሽው እኔ ልንገረው።»

«ከነገርከው ይቅር አልልህም። ውኃ ላይ ሆኖ ምን ያደርጋል? ብቻውን ያለቅሳል እንጂ።»

ከዚያ አንድ የጎረምሳ፣ ደስ ያለው ድምፅ ገባ፦ «አበቃ፣ እናመሰግናለን! ቀጣዮቹ ይግቡ!» የኔ ድምፅ ነው።

ያን ቀን ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። ፊቷን፣ ኮፍያቸውን፣ ማንኛውንም ነገር። ምንም የለም። አጠገባቸው ቆሜ የሰማሁትን ሰው ሁሉ እንዳልሰማ ሆኜ ቆርጬ ጥያለሁ። ፍራውከ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና አነሣችው።

ሐሙስ ዞንከ መጣ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ወተትና የማጠቢያ ኬሚካል ይሸታል። ቁጭ ይበሉ ብንለው እምቢ አለ። ፍራውከ ምክንያት ሳትደረድር ይቅርታ ጠየቀችው። ፊደሉን አይታ እንዳወቀች፣ አውቃም እንዳነበበችው ነገረችው።

«ይኼ ጣቢያ ሲዋሸኝ ሁለተኛው ነው» አለ። ከዚያም ያን የገና ዋዜማ ነገረን። መርከባቸው ዳካር ወደብ ቆሞ ነበር። መርከበኛው ሁሉ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮውን ከብቦ ተቀምጧል። የእናቱ ድምፅ ሲመጣ ጓደኞቹ ስለ ሹራቡ ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። «እኔም ደህና ነኝ አለችኝ። እኔም አመንኩ። ያን ሌሊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተኝቼ አላውቅም።»

ክሩ እንዳለኝ፣ ከተላለፈው በኋላ የቀጠለ ነገር እንዳለበት፣ መስማት ከፈለገ እንደማሰማው ነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

እናቱ ስትጀምር መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አባቱ «ንገሪው» ሲሉ ቀና አለ። ሲያልቅ መጨረሻውን ብቻ ድገምልኝ አለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩለት። በሦስተኛው ላይ ተቀመጠ።

«ይኼ ለምን አልተላለፈም?»

«ቆርጬው ነው» አልኩት። «ለአንድ ቤተሰብ አርባ ሰከንድ ነበር የሚፈቀደው። ሳልሰማው ቆረጥኩት።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት አለኝ፤ ይኼ ከስድብ በላይ ገባኝ። ከዚያ ለማንኛችንም ሳይሆን ለማሽኑ እንደሚናገር ሆኖ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት» አለ። «አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እሷ ናት አትንገረው ያለችኝ ቢል ምን ነበረበት?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር» አለች ፍራውከ። «የሞተን ሰው ልክሰስ ወይ አሉኝ።»

የሚፈርምበት ወረቀት ዞንከ ፊት ነበር። አንሥቶ አራት ላይ አጠፈውና ደረት ኪሱ ከተተው።

«ተዉት» አለና ወጣ።

እሁድ እርማቱ አልተነበበም። ፍራውከ ለኃላፊው ሰውየው አቤቱታውን ትቷል ብላ ጻፈች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እኛ ጋ ማለቴ ነው።

ያን ክረምት ፍራውከ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኖርደርቬርፍ መሄድ ጀመረች። ጥቁር ዳቦና ሄሪንግ የሚባል የተቀመመ ዓሣ ይዛ ትሄዳለች፤ ካርታ ይጫወታሉ። ሽማግሌው ያጭበረብራሉ፤ እሷ እንዳላየች ትሆናለች፤ እሳቸው ደግሞ እንዳላየች መሆኗን አውቀው ያሾፉባታል። ስለ ክሩ አልነገረቻቸውም፤ መናገር ያለበት ልጁ ነው ብላ ታምን ነበር። ሰኞ ሰኞ የሆነውን ሁሉ ታጫውተኛለች። ሳቋን ከመተላለፊያው ማዶ መስማት የጀመርኩት ያኔ ነው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

በየካቲት ሽማግሌው አንድ ነገር ነገሯት። ነጭ የሥራ መኪና ከግድቡ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ፣ ማንም ሳይወርድ ተመለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማ መጣች። ዞንከ ወረደ፤ ከጎተራው መሰላል አወጣና ለዓመታት ተንጠልጥሎ የነበረውን አሸንዳ አሰረ። ሲወርድ «የጎተራው በርም ተሰብሯል» አለ። አባቱ «አውቃለሁ» አሉት። መሰላሉን መልሶ ሄደ። በሳምንቱ በሩን ሊሠራ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ጠጣ። እዚያ ምን እንደተባባሉ እነሱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ፍራውከ እንደልማዷ ሄደች። ነጯ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማለች። በወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት ራስ ይታያል፤ አንዱ ካርታ እየበወዘ ነው። ሞተሩን ሳታጠፋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ዳቦውን አጠገቧ እንዳስቀመጠች መኪናዋን አዙራ ተመለሰች።

«መግባት ትችይ ነበር እኮ» አልኳት ሰኞ።

«እችል ነበር» አለች። «ግን ሁለት ሰው ሲጫወት ሦስተኛ ሲመጣ ካርታው ይሰበሰባል።»

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለችላቸው። ደስ ብሏቸው አነጋገሯት፤ ይኼን ቅዳሜ ዞንከ ይመጣል፣ የሚቀጥለውንም እንጃ አሏት። ክፋት የለባቸውም፤ ሰው ቤቱ ሲሞላለት እንደሚረሳው ነው የረሷት። ድጋሚ አልደወለችም።

በሚቀጥለው በጋ ዋናው መሥሪያ ቤት «የእሁድ ሰላምታ»ን ዘጋ። ውሳኔው የመጣው በአራት መስመር ደብዳቤ ነው። በመጨረሻው እሁድ ፍራውከ የአንዲት የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ሰላምታ አነበበች፤ ስለ መዘጋቱ ምንም ሳትል ተሰናበተች። ወዲያው ጡረታ ወጥታ ብሬመን ሄደች። እዚያ ዘመድ እንዳላት አላውቅም። ስትሸኝ ኬክ ቆርሰን ነበር። ልላት የፈለግኩት ነገር ነበረኝ፤ ኃላፊው ንግግር ሲያደርግ ቆየና ባቡሯ ደረሰ።

ኡቦ ሎረንሰን በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ሞቱ። በሞቱ በወሩ ዞንከ ስቱዲዮ መጣ። የእናቱና የአባቱ ድምፅ አንድ ላይ ያለው እዚያ ክር ላይ ብቻ ነውና ቅጂ ፈልጎ ነው። ክሩን ለአባቱ አሰምቷቸው እንደሆን ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። በካሴት ቀድቼ ሰጠሁት። ቆሞ የካሴቱን ጀርባ ሲያነብ ቆየና ወይዘሮ ቲያርክስ የት ናቸው አለኝ።

«ብሬመን» አልኩት።

«ለቀብሩ ልጠራቸው ፈልጌ ነበር። አባዬ እስከመጨረሻው ስማቸውን ያነሣ ነበር፤ ያቺ ዳቦ የምታመጣው ሴትዮ ለምን ቀረች ይል ነበር። አድራሻቸውን የሚያውቅ አጣሁ።»

አድራሻዋ በቃሌ ነበር። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ የካሴቱ ሣጥን ውስጥ አብሮ ከተተው። ይጻፍላት አይጻፍላት አላውቅም። ውጪ ይዘንብ ነበር፤ እስከ መኪናው ሸኘሁት። ያኔ ቅርንጫፉ ውስጥ የቀረነው ሦስት ሠራተኞች ብቻ ነበርን፤ ስመለስ ሁለቱ ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ማሽኖቹን አንድ በአንድ አጥፍቼ በሩን ቆለፍኩ።